የክላርኔት ቁልፎችና የጠጋኙ እጅ፦ የአንድ ሙያ ታሪክና ለጎንደር አካባቢ ትምህርት ቤቶች ያለው ትርጉም

መግቢያ

አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ወደ አንድ አገር በሚገባበት ጊዜ ሁለት ሙያዎች አብረውት ሊገቡ ይገባል። አንደኛው መሣሪያውን የመጫወት ሙያ ሲሆን ሁለተኛው መሣሪያውን የመጠበቅና የመጠገን ሙያ ነው። የመጀመሪያው ሙያ በአደባባይ ስለሚታይና ስለሚጨበጨብለት አስተማሪም ተማሪም አያጣም። ሁለተኛው ግን በጓዳ የሚሠራ፣ ትዕግሥትና ጥቂት መሣሪያ የሚጠይቅ፣ ውጤቱም የሚታወቀው ሲጎድል ብቻ የሆነ ሙያ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል። ይህ መዘንጋት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከሚያሳዩት መሣሪያዎች አንዱ ክላርኔት ነው።

ክላርኔት በመልኩ አንድ ጥቁር የእንጨት ቧንቧ ይመስላል። በቧንቧው ላይ የተደረደሩት ቁልፎች፣ ዘንጎች፣ ሞላዎችና ብሎኖች ግን እንደ ሰዓት ውስጣዊ አካል እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የወረቀት ውፍረት ያህል ቢዛነፍ መሣሪያው በከፊል ወይም ፈጽሞ ዝም ይላል። ስለዚህ የዚህን መሣሪያ ቁልፎች ታሪክና አጠባበቅ መመርመር ለሙዚቃ መምህር ብቻ ሳይሆን የትምህርት መሣሪያዎችን ለሚገዛ፣ ለሚያከፋፍልና ለሚቆጣጠር የዕቅድ ባለሙያም ጠቃሚ ይሆናል።

ጉዳዩን ከተጨባጭ ቦታ ጋር ለማገናኘት የፀዳን ሁኔታ መመልከት ይበቃል። ፀዳ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ፣ አዘዞን አልፎ ወደ ማክሰኝትና ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚለያት የመኪና መንገድ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚገኝ ትምህርት ቤት ክላርኔት ቢያገኝና ከመሣሪያው ላይ አንዲት ሞላ ብትሰበር፣ ጥገናው በዚያው በአካባቢው ካልተከናወነ በቀር መሣሪያው ከሣጥኑ አይወጣም።

1. ቁልፍ ለምን አስፈለገ?

የቁልፎቹን አጠባበቅ ለመረዳት በመጀመሪያ ለምን እንደተፈጠሩ ማወቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ እረኞችና ዋሽንት ነፊዎች ዘንድ የታወቀው ዋሽንት አብዛኛውን ጊዜ አራት የጣት ቀዳዳዎች አሉት። ነፊው ትንፋሹን ሲያጠብቅ ያው ጣት አቀማመጥ በስምንተኛው ድምፅ፣ ማለት በኦክታቭ ከፍ ብሎ ይሰማል። በመሆኑም ጥቂት ቀዳዳዎች ለሰፊ ዜማ ይበቃሉ። ክላርኔት ግን አንደኛው ጫፉ በአፍና በሸምበቆ ምላስ የተዘጋ ቀጥ ያለ ቧንቧ ስለሆነ፣ ትንፋሹ ሲጠብቅ የሚዘልለው ወደ ስምንተኛው ሳይሆን ወደ አሥራ ሁለተኛው ድምፅ ነው። በታችኛውና በላይኛው የድምፅ ክልል መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ በመሆኑ፣ ይህን ለመሙላት የሚያስፈልጉት ቀዳዳዎች ከተጫዋቹ ጣቶች ቁጥር ይበልጣሉ። የቀኝ እጅ አውራ ጣት መሣሪያውን ስለሚደግፍ ለሥራ የሚቀሩት ዘጠኝ ጣቶች ብቻ ናቸው። ጣት የማይደርስበትን ቀዳዳ የሚከፍትና የሚዘጋ ረዳት ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ረዳት ቁልፍ ይባላል።

የክላርኔት ፈጣሪ ተብሎ የሚታወቀው የጀርመን አገር የኑረምበርግ ከተማ መሣሪያ ሠሪ ዮሐን ክሪስቶፍ ዴነር ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ ሻሉሞ የተባለውን የቀድሞ መሣሪያ አሻሽሎ በሁለት ቁልፎች እንዲሠራ አደረገ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አንድ መቶ ዓመታት ቁልፎቹ ቀስ በቀስ እየጨመሩ ሄዱ። ይሁን እንጂ የቁልፉ መክደኛ ጠፍጣፋ ቆዳ ስለነበረ ቀዳዳውን አጥብቆ አይዘጋም ነበር። ቁልፍ በተጨመረ ቁጥር አየር የሚያፈስበት ቦታም ይጨምር ስለነበር ሠሪዎች ቁልፍ ለማብዛት ይፈሩ ነበር።

ይህን ችግር በከፍተኛ ደረጃ ያቃለለው ኢቫን ሙለር ነው። ሙለር ቁልፉን እንደ ትንሽ ማንኪያ ጎድጎድ አድርጎ፣ በውስጡም በሱፍ የተሞላ የቆዳ ትራስ አስገባበት። ትራሱ በቀዳዳው ከንፈር ላይ ሲያርፍ አየር የማያሳልፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1812 አሥራ ሦስት ቁልፎች ያሉትን ክላርኔት ለፓሪስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሊቃውንት ባቀረበ ጊዜ መሣሪያው ተቀባይነት አላገኘም ነበር። ውሎ አድሮ ግን ተጫዋቾች ራሳቸው ስለመረጡት በአውሮፓ ተስፋፋ። ከዚህ መረዳት የሚቻለው የቁልፉ እድገት የተመሠረተው በመክደኛው ትራስ፣ ማለት ዛሬም ከሁሉ አስቀድሞ በሚበላሸው ክፍል ላይ መሆኑን ነው።

ቀጥሎ የመጣው ታላቅ ለውጥ የፈረንሳዮቹ የሂያሲንት ክሎዜና የሉዊ ኦጉስት ቡፌ ሥራ ነው። ክሎዜ ተጫዋችና መምህር፣ ቡፌ ደግሞ የእጅ ባለሙያ ነበሩ። ጀርመናዊው ቴዎባልድ በም በፍሉት ላይ ያዋለውን የቀለበት ቁልፍ ሐሳብ ወስደው እ.ኤ.አ. በ1839 አዲሱን ክላርኔት ለሕዝብ አሳዩ። ይህ መሣሪያ አሥራ ሰባት ቁልፎችና ስድስት ቀለበቶች ያሉት ሲሆን ሃያ አራት ቀዳዳዎችን ይቆጣጠራል። ጣት ቀለበቱን ሲጫን ቀዳዳውን በሥጋው ይደፍናል፤ በዚያው ቅጽበት ቀለበቱ በዘንግ አማካይነት ሩቅ ያለውን ሌላ ቀዳዳ ይዘጋል። ቡፌ ለዚህ ሥራ ረዣዥም ዘንጎችንና እንደ መርፌ የቀጠኑ የብረት ሞላዎችን ተጠቀመ። በብዙ አገሮች ዛሬም የሚሠራበት ክላርኔት በመሠረቱ ይኸው ነው። በጀርመንና በኦስትሪያ ግን ከሙለር ሥራ የመነጨው ሌላ ሥርዓት በሥራ ላይ ይገኛል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የተሻለው ክላርኔት የተገኘው መምህሩና የእጅ ባለሙያው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በመቀመጣቸው ነው። ክሎዜ የጣትን ችግር ያውቃል፣ ቡፌ የብረትን ጠባይ ያውቃል። አንዱ ያለ ሌላው ግቡን አይመታም ነበር።

2. የሚነፉ መሣሪያዎች ወደ ኢትዮጵያ አመጣጥ

የውጭ አገር የሙዚቃ መሣሪያ ለኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት በስጦታ መምጣት የጀመረው ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ለአፄ ልብነ ድንግል ካቀረባቸው ስጦታዎች መካከል ኦርጋን ይገኝበት ነበር። ዘመናዊው የማርሽ ባንድ የተጀመረው ግን ከዓድዋ ድል በኋላ ነው። በ1888 ዓ.ም. ድሉ ከተገኘ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ ለአርባ ሰዎች የሚበቃ የሚነፉ መሣሪያዎች ስጦታ ላኩ። የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ያሠለጠነውም ሚሌቭስኪ የተባለ ፖላንዳዊ ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ የአርመኖቹ ወጣቶች ታሪክ ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፣ በቱርክ አገር ከደረሰው እልቂት የተረፉ አርመናውያን ልጆች በባንድ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ። ቁጥራቸው አርባ ስለነበረ «አርባ ልጆች» ተባሉ። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ደረሱ። ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሱት የብሔራዊ መዝሙር ዜማ፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ከጻፉት ግጥም ጋር፣ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው ሥርዓተ ንግሥ ላይ ተሰምቷል። መዝሙሩም እስከ ዘውዱ ሥርዓት ፍጻሜ ድረስ አገልግሏል።

በ1928 ዓ.ም. የደረሰው የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ይህን ጅምር አቋረጠው። ከነጻነት በኋላ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች እንደገና ተቋቋሙ ወይም ተጠናከሩ። እንደ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪችና ፍራንዝ ዜልዌከር ያሉ የውጭ አገር ባለሙያዎች ተቀጠሩ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያንም በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ፣ በኋላም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ብዙ ተጫዋቾችን አፍርተዋል። አሸናፊ ከበደ የመጀመሪያ ዲሬክተር የሆኑለትና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም የሙያውን ትምህርት በመደበኛ ደረጃ አቆመው።

በመጀመሪያዎቹ ባንዶች ብዛት የነበራቸው የነሐስ መሣሪያዎች ናቸው። የትራምፔት ፒስተን በዘይትና በንጽሕና ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። ባንዶቹ እየሰፉ ሲሄዱ የገቡት ክላርኔትና ሳክስፎን ግን በደርዘን የሚቆጠሩ ትራሶችና ሞላዎች ስላሏቸው የማያቋርጥ ክትትል ይሻሉ። በእነዚህ መሣሪያዎች የኢትዮጵያ ተጫዋቾች ምን ያህል እንደደረሱ የሳክስፎንና የክላርኔት ተጫዋቹ የጌታቸው መኩሪያ ሥራ ያሳያል። በ1927 ዓ.ም. የተወለዱት ጌታቸው ሙያቸውን በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምረው፣ የጦር ሜዳውን የሽለላ ዜማ ለሳክስፎን አስማሙ። በ1964 ዓ.ም. ገደማ የወጣው ሸክላቸውም የሳክስፎን ንጉሥ አሰኛቸው። ሽለላ በድምፅ የሚሠራ፣ ድንገት የሚወጣና ድንገት የሚሰበር ዜማ በመሆኑ፣ በቁልፍ መሣሪያ ላይ ሲሠራ ቁልፎቹ ሳይዘገዩና ሳያፈሱ መታዘዝ አለባቸው። የተጫዋቹ ጥበብ በመሣሪያው ደኅንነት ላይ የሚቆመው በዚህ ዓይነት ነው።

በሰፊው የሚነገረው የባንዶች ታሪክ መሣሪያ የሰጡ ነገሥታትን፣ ያስተማሩ መምህራንንና የተደነቁ ተጫዋቾችን በስም ይጠራል። ትራስ የቀየረውን፣ ሞላ ያቀናውን፣ የተሰነጠቀ እንጨት የደፈነውን ግን አይጠራም። ይህ የስም ዝምታ ሙያው በትምህርት ዕቅድ ውስጥ ያልነበረውን ቦታ ያመለክታል።

3. የጎንደር ባለሙያዎችና የራስን መሣሪያ በራስ የመጠገን ልማድ

በጎንደርና በአካባቢው በቆየው የሙዚቃ ልማድ ተጫዋቹና ጠጋኙ አንድ ሰው ናቸው። አዝማሪ የማሲንቆው ጭራ ሲሳሳ ከፈረስ ጭራ መርጦ ይተካል፤ ቆዳው ሲላላ ይወጥራል ወይም ይለውጣል። እረኛ ዋሽንቱ ሲሰነጠቅ ሌላ ሸምበቆ ቆርጦ ይበሳል። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የሌለው ስለሆነ እያንዳንዱ ነፊ ጥቂት ድምፆችን ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚሟላው ነፊዎቹ እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ክላርኔት በብረት ዘንግና በሞላ የሚያገናኘውን ሥራ እምቢልታ በሰዎች ስምምነት ያገናኘዋል። ይህን ንጽጽር መምህሩ በክፍል ውስጥ ቢጠቀምበት ተማሪው የቁልፍን ትርጉም በቀላሉ ይረዳል።

ለቁልፍ መሣሪያ ጥገና የሚያስፈልገው የእጅ ሙያም በአካባቢው እንግዳ አይደለም። ብር አንጥረኛው በትንሽ እሳት ማቅለጥ፣ መበየድ፣ በቀጭን ሞረድ ማስተካከል ያውቃል። የክላርኔት ቁልፎች በብዛት የሚሠሩበት ብረት ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ የተቀላቀለ ሲሆን በጠባዩ ለአንጥረኛ እጅ የሚታዘዝ ነው። በወለቃ፣ በአምቦበርና በሌሎችም የጎንደር አካባቢ መንደሮች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል በብረት ሥራ፣ በሸክላ ሥራና በሽመና የታወቁ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ይህ ሙያ ሁለት ጊዜ ተጎድቷል። በመጀመሪያ፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን በንቀት የሚመለከተው አስተሳሰብ ልጆች ከእጅ ሥራ እንዲሸሹ አድርጓል። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት የጉዳቱን ክብደት በመገንዘብ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ በ1977 ዓ.ም.ና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ የነበረው የብረት ሥራ እውቀትም አብሮ ከመንደሮቹ ወጣ። በትምህርት ቤት ያልተመዘገበ ሙያ ባለቤቱ ሲሄድ የሚተካው አያገኝም።

ተመሳሳይ ትምህርት ከጋፋት ታሪክም ይገኛል። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለው ጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን ሰብስበው መሣሪያ እንዲሠሩ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1867 ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ በዚያ ተሠራ። በሚቀጥለው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሲሞቱና የውጭ አገር ባለሙያዎቹ ሲወጡ ሥራው ቆመ። ዕቃው በአምባው ላይ ቀረ፤ የአሠራሩ እውቀት ግን ተከታይ ትምህርት ቤት አላገኘም። መድፍና ክላርኔት በዓላማ የተራራቁ ቢሆኑም፣ ከዕቃው ይልቅ ዕቃውን የሚያኖረው እውቀት መተከል እንዳለበት ሁለቱም ይመሰክራሉ።

4. የቁልፎቹ አጠባበቅና ማስተካከያ

ከዚህ በታች የሚቀርበው የሥራ ቅደም ተከተል በብዙ አገሮች ጠጋኞች ዘንድ የተለመደ ነው። አብዛኛው ክፍል በትምህርት ቤት ውስጥ በጥንቁቅ መምህር ሊከናወን ይችላል።

ሀ) የዕለት ጥበቃ። ከተጫወቱ በኋላ በቧንቧው ውስጥ የቀረውን እርጥበት በቀጭን ጨርቅ ማውጣት ያስፈልጋል። እርጥበት የቆየበት ትራስ ያብጣል፤ ሲደርቅም ይቀደዳል። መሣሪያው በሚገጣጠምበት ጊዜ የላይኛውንና የታችኛውን አካል የሚያገናኘው የድልድይ ቁልፍ እንዳይጣመም የላይኛው አካል ቀለበት ተጭኖ ድልድዩ ከፍ እንዲል መደረግ አለበት። በጀማሪ ተማሪዎች እጅ ከሚደርሱት ብልሽቶች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከዚህች ጥንቃቄ መጓደል ነው። የመጋጠሚያው ቡሽ ከደረቀ በቅባት ይለሰልሳል እንጂ በኃይል አይገፋም።

ለ) የአየር መፍሰስ ምርመራ። ክላርኔት አንድ ድምፅ የሚሰጠው ከዚያ ድምፅ ቀዳዳ በላይ ያሉት ቀዳዳዎች በሚገባ ሲዘጉ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለ አንድ ትራስ ቢያፈስ ከእርሱ በታች ያሉት ድምፆች ሁሉ ይታወካሉ። ተማሪው የታችኛው ድምፅ እምቢ ሲለው ጥፋቱን በታች ይፈልጋል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ በላይ ነው። ምርመራውም ከላይ ወደ ታች መሄድ አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንዲት ቀጭን የሲጋራ ወረቀት ቁራጭ ናት። ወረቀቷ በትራሱና በቀዳዳው ከንፈር መካከል ገብታ ቁልፉ ቀስ ብሎ ሲዘጋና ወረቀቷ ሲሳብ፣ በአራቱም አቅጣጫ እኩል መያዝ አለባት። በአንድ ወገን ያለ ችግር የምትወጣ ከሆነ አየር የሚያፈሰው በዚያ ወገን ነው።

ሐ) ትራስ መለወጥ። ትራሱ በብዛት ከካርቶን፣ ከሱፍና ከስስ ሽፋን የሚሠራ ሲሆን በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ በቁልፉ ጽዋ ውስጥ ይጣበቃል። ቁልፉ ከዘንጉ ወጥቶ ጽዋው በትንሽ የአልኮል መብራት ይሞቃል፤ አሮጌው ትራስ ይነሣል፤ አዲሱ በልኩ ተመርጦ ይገባል። ሙጫው ሳይደርቅ ቁልፉ ወደ ቦታው ተመልሶ ትራሱ ከቀዳዳው ጋር እንዲመጣጠን ይደረጋል፤ ከዚያም የወረቀቱ ምርመራ ይደገማል። እሳቱ ወደ እንጨቱ ፈጽሞ መቅረብ የለበትም።

መ) ሞላዎች። ሞላ ቁልፉን ወደ ቦታው ይመልሳል። ኃይሉ ከበዛ ጣት ይደክማል፤ ካነሰ ቁልፉ አየር ያፈሳል። መርፌ መሰሉን ሞላ ከመያዣው ለማውጣትና ለመመለስ የዳንቴል ኪሮሽ በሚገባ ያገለግላል። ሞላ የሚታጠፈው በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ደጋግሞ የታጠፈ ብረት ይሰበራልና። ዝገት የታየበት ሞላ ሳይሰበር መለወጥ አለበት።

ሠ) አብረው የሚዘጉ ቁልፎች። ከሁሉ የሚከብደው ማስተካከያ ይህ ነው። በታችኛው አካል ላይ በትንሿ ጣት የሚጫነው ዝቅተኛ ቁልፍ ሁለት ትራሶችን በአንድ ቅጽበት ይዘጋል። አንደኛው ቀድሞ ቢያርፍ ሌላው ክፍት ይቀራል። በላይኛው አካል ባሉት ሁለት የአንገት ቁልፎች መካከል ያለችው ትንሽ ማስተካከያ ብሎንም ከመጠን በላይ ከገባች ከሁለቱ አንዱ ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ ታደርጋለች። ማስተካከያው በቡሽ ስስነት፣ በብሎን ሩብ ዙርና በወረቀት ምርመራ ይከናወናል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ እያንዳንዱ ትራስ ለብቻው በትክክል መዝጋቱ ሳይረጋገጥ የጋራ አዘጋጉን ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው።

ረ) ዘይት። ዘንግ በሚዞርበት በእያንዳንዱ ጫፍ በመርፌ ጫፍ የተያዘች አንዲት የቀጭን ዘይት ጠብታ ትበቃለች። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ለዚህ ይሆናል። የበዛ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ ወደ ትራሱም ሄዶ ያበላሸዋል።

5. የአካባቢው አየርና እንጨቱ

የጎንደር አካባቢ አየር ለዚህ መሣሪያ ሁለት ዓይነት ፈተና ያቀርባል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በሚዘልቀው የበጋ ወራት አየሩ ደርቆ እንጨቱ ይኮማተራል። በመጋጠሚያዎቹ ላይ ያሉት የብረት ቀለበቶች ይላላሉ፤ የቁልፎቹ ምሶሶዎች በእንጨት ውስጥ የተተከሉ በመሆናቸው ዘንጎቹ ሊጣበቡ ይችላሉ፤ ሲብስም እንጨቱ ይሰነጠቃል። በዚሁ ወራት የሚነሣው አቧራ በዘንጎች ላይ ከዘይት ጋር ይጋገራል። ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥበቱ ሞላዎችን ያዝጋል፤ ትራሶችን ያሳብጣል። ስለሆነም በፀዳም ሆነ በጎንደር ያለ ትምህርት ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ሲገባና መስከረም ሲጠባ፣ መሣሪያዎቹን ቢመረምር ተገቢ ይሆናል። ይህም ከትምህርት ዘመኑ መዝጊያና መክፈቻ ጋር የሚገጥም ነው።

የተሻሉት ክላርኔቶች የሚሠሩበት እንጨት በሊቃውንተ ዕፅዋት ዘንድ ዳልበርጊያ ሜላኖክሲሎን ይባላል። ይህ ዛፍ ከሴኔጋል እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚገኙት ቆላማ አገሮች ሲበቅል፣ በኢትዮጵያም ከጎንደር በስተምዕራብ ወደ መተማና ወደ ሁመራ በሚወርደው ቆላ ይገኛል። ልበ እንጨቱ ጥቁርና እጅግ ከባድ በመሆኑ በውኃ ላይ አይንሳፈፍም። የቁልፎቹን ብሎንና ምሶሶ አጥብቆ መያዙና በቶርኖ ላይ ጥርት ብሎ መቆረጡ በሠሪዎች አስመርጦታል። የክላርኔት እንጨት ከአገሩ ቆላ፣ የአንጥረኛ ሙያ ከአገሩ መንደር መገኘቱ፣ መሣሪያው ለጎንደር ሰው እጅ ባዕድ እንዳልሆነ ያስረዳል። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ ትምህርት ነው።

6. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚጠቁመው

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ የሚከተሉት ነጥቦች ይመነጫሉ።

በመጀመሪያ፣ ለትምህርት ቤት የሙዚቃ መሣሪያ ሲገዛ ወይም በስጦታ ሲገኝ የጥገና ዕቃው ከመሣሪያው ጋር አንድ ሆኖ ሊታሰብ ይገባል። ለክላርኔት የሚያስፈልጉት በልክ የተመረጡ ትራሶች፣ ጥቂት ሞላዎች፣ ቡሽ፣ ሙጫ፣ ትንሽ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ዘይት ናቸው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ትንሽ ሣጥን ይጠቃለላሉ። በበጀት መዝገብ ላይ መሣሪያው በቋሚ ዕቃ፣ ሣጥኑ ግን ባልታሰበ ወጪ ከተመዘገበ፣ የሣጥኑ መቅረት አይታወቅም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ የጥገና መዝገብ ቢኖረው መልካም ነው። በየትኛው ወር የትኛው ትራስ እንደተለወጠ፣ የትኛው ሞላ እንደተሰበረ በቀን ተጽፎ ቢቀመጥ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለዕቅድ አውጪው የአካባቢውን እውነተኛ ፍላጎት የሚያሳይ ሰነድ ይሆናል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን በሥልጠናቸው ወቅት ቢያንስ የወረቀቱን ምርመራ፣ የትራስ ለውጥንና የሞላ አስተካከልን ሊለማመዱ ይገባል። በየትምህርት ቤቱ ባይቻል በየጉድኝት ማዕከሉ አንድ እንዲህ ያለ መምህር ቢኖር ብዙ መሣሪያ ከሣጥን ይወጣል።

በአራተኛ ደረጃ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ቶርኖና የብየዳ መሣሪያ ስላላቸው፣ የአካባቢው አንጥረኞች ደግሞ የረቀቀ የእጅ ልምድ ስላላቸው፣ ሁለቱን ከሙዚቃ መምህራን ጋር የሚያገናኝ አጭር ሥልጠና ማዘጋጀት ይቻላል። የተሰበረ ቁልፍ መበየድ ለብር አንጥረኛ ከጌጥ ሥራ የሚከብድ አይደለም። አንጥረኛው በትምህርት ቤት መምህር ተብሎ ሲቆም ተማሪዎች ማየታቸውም፣ አዋጅ ብቻውን ያላስቀረውን የንቀት አስተሳሰብ ለማስቀረት ይረዳል።

ማጠቃለያ

ክላርኔት ከዴነር ሁለት ቁልፎች ተነሥቶ እስከ ክሎዜና ቡፌ አሥራ ሰባት ቁልፎች የደረሰው በየደረጃው የእጅ ባለሙያ ስለነበረው ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የሚነፉ መሣሪያዎችም ከስጦታ ወደ ባንድ፣ ከባንድ ወደ ትምህርት ቤት ተሸጋግረው ስመ ጥር ተጫዋቾችን አፍርተዋል። ይህ ሂደት ወደ ፀዳና ወደ ሌሎች ከመዲናው የራቁ ከተሞች ሊዘልቅ የሚችለው የጥገናው ሙያ በዚያው ሲተከል ብቻ ነው። በጋፋት የዕቃው ሠሪዎች ሲሄዱ ሥራው ቀርቷል፤ በጎንደር ዙሪያ መንደሮች ቀጥቃጮቹ ሲሄዱ ወናፉ ቆሟል። ሦስተኛ ጊዜ እንዳይደገም ማድረግ የዕቅድ አውጪው ድርሻ ሲሆን፣ የመምህሩ ድርሻ ደግሞ በመጪው መስከረም ሣጥኑን ከፍቶ፣ ቀጭኗን ወረቀት ይዞ፣ ከላይኛው ቁልፍ መጀመር ነው።